ደረሰኝ የሚሰጠው መቼ ነው?

(ለማኅበሩ አባላት በደባርቅ ከተማ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ በሲ ቋንቋ፣ በዩ.ዲ.ፒ. ሶኬት ላይ አስተማማኝ የመረጃ ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል ስለ መሥራት የሚል ነው። ርዕሱ ሲሰሙት የፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። መረጃው የሚነሣበትን አገር ስንመለከት ግን ጉዳዩ ከዚያ ሰፋ ያለ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ዳባትን እንውሰድ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የጤናና የሕዝብ ክትትል፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦችን እየተከታተለ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። ከቀበሌዎቹ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ሁሉ ይገኝባቸዋል። የማዕከሉን የራሱን መሣሪያዎች ለመግለጽ አልተነሣሁም፤ የዚህ ዓይነት መዝገብ ግን ለሙያችን ከባድ ፈተና ስለ ሆነ በምሳሌነት እወስደዋለሁ። አንድ የሕፃን ሞት በመንገድ ቢቀር፣ ሕፃኑ በመዝገብ ላይ በሕይወት ይኖራል። አንድ ልደት ሁለት ጊዜ ቢገባ፣ ማንም ያልወለደው መንታ ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የስሌት ጥበብ ሁሉ ይህን ጉድለት አያርመውም።

ዩ.ዲ.ፒ. ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ሦስት ገጽ ብቻ ባለው ሰነድ የተደነገገ ነው። ራስጌው 8 ባይት ሲሆን የሚይዘውም የላኪውንና የተቀባዩን ፖርት፣ ርዝመቱንና የማጣሪያ ድምሩን ነው። ከዚህ ያለፈ ቃል ኪዳን የለውም። ፓኬቱ ሊጠፋ፣ ሊደገም፣ ኋላ የተላከውም ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። በመንገደኛ እጅ ወደ ጃናሞራ እንደ ተላከ ደብዳቤ ነው፤ መንገደኛው መሄዱን እናውቃለን፤ ሌላውን አናውቅም።

«ታዲያ ቲ.ሲ.ፒ. እያለ ለምን እንደክማለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለአብዛኛው ሥራም መልሱ «አትድከሙ» የሚል ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የቲ.ሲ.ፒ. ግንኙነት በሁለቱ ወገኖች አድራሻና ፖርት የታሰረ ስለ ሆነ፣ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ከአንዱ ገመገም ወደ ሌላው ሲሻገር አድራሻው ከተለወጠ ግንኙነቱ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ የወጣለት ኩዊክ የተባለው ፕሮቶኮል በዩ.ዲ.ፒ. ላይ ተመሥርቶ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን መለያ ቁጥር መስጠቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በቲ.ሲ.ፒ. «ሴንድ» የተባለው ትእዛዝ ተሳክቶ ሲመለስ፣ ባይቶቹ በራሳችን ኮምፒዩተር ማቆያ ውስጥ ገቡ ማለት እንጂ ደረሱ ማለት አይደለም። የቲ.ሲ.ፒ. ማረጋገጫም ቢሆን የሚናገረው ባይቶቹ ከወዲያኛው ኮምፒዩተር መድረሳቸውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አንብቦ በዲስክ ላይ ስለ መጻፉ ምንም አያውቅም። ሳልትዘር፣ ሪድና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጽሑፋቸው እንዳስረዱት፣ እንዲህ ያለውን ሙሉ ዋስትና ሊሰጡ የሚችሉት በሁለቱ ጫፎች ያሉት ፕሮግራሞች ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ የራሳችን ደረሰኝ ያስፈልገናል። ቃሉ በአማርኛ ራሱ ተናጋሪ ነው፤ «ደረሰኝ» ይላል። ነገር ግን የመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራችሁ እንደምታውቁት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው መኪናው ደጃፍ ስለ ቆመ ብቻ ሞዴል 19 አይቆርጥም። ዕቃው ወርዶ፣ ተቆጥሮ፣ ከመደርደሪያው ሲገባ ነው የሚፈርመው። ፕሮግራሞቻችን ይህን ያህል ጥንቃቄ አያደርጉም። ብዙውን ጊዜ «ሪሲቭፍሮም» ፓኬቱን እንደ ሰጣቸው ወዲያው ማረጋገጫ ይልካሉ። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ፣ ላኪው ደረሰኙን ተማምኖ ቅጂውን ይሰርዛል፤ ተቀባዩም የያዘው በማስታወሻው ብቻ ስለ ነበረ ያጣዋል። በኔትወርኩ በኩል አንዲትም ፓኬት ሳትጠፋ መረጃው ጠፋ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መቀበል፣ መመርመር፣ በፋይል መጻፍ፣ «ኤፍሲንክ» ብሎ ወደ ዲስክ ማስገደድ፣ ከዚያም ደረሰኝ መስጠት ነው። «ራይት» መመለሱ አይበቃም፤ ጽሑፉ ገና በማስታወሻ ሊሆን ይችላልና። ኤፍሲንክ አዝጋሚ ነው የሚል ቅሬታ ይቀርባል፤ እውነት ነው። መድኃኒቱ ብዙ መዝገቦችን አከማችቶ በአንድ ጊዜ ማስገደድና «እስከ 40 ድረስ ገብቶልኛል» የሚል አንድ የጅምላ ደረሰኝ መላክ ነው።

ደረሰኙ ራሱ በመንገድ ቢጠፋስ? ላኪው ደግሞ ይልካል፤ ያ ያልተወለደ መንታ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ለዚህም እያንዳንዱ መዝገብ የመሣሪያውንና የቅጹን ቁጥር ይዞ መጓዝ አለበት፤ ተቀባዩም ቁጥሩንና መዝገቡን አብሮ፣ በአንድ ጊዜ ይጻፍ። የሚያውቀው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ መዝገቡን ይተወዋል፤ ደረሰኙን ግን እንደ ገና ይሰጣል። ዝም ካለ ላኪው ሲልክ ይኖራል።

በሲ ቋንቋ ለሚጽፉ ወጣቶች ጥቂት ልበል። «ስትራክት»ን እንዳለ አትላኩ፤ ኮምፓይለሩ በመካከሉ ክፍተት ይተዋል፤ የባይት ቅደም ተከተሉም ከማሽን ማሽን ይለያያል። ቁጥሩን ባይት በባይት አስቀምጡ። አንድ ሪሲቭፍሮም የሚሰጠው አንድ ፓኬት ነው፤ ማቆያችሁ ከጠበበ የተረፈው ይጣላል። የፓኬቱንም መጠን 1200 ባይት አካባቢ አድርጉት፤ 1500 ባይት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ሳይቆራረጥ ያልፋል።

ፍጥነትን በተመለከተ ወረዳኔት ጥሩ ትምህርት ነው። መረቡ ሲዘረጋ ብዙ ወረዳዎችን ያገናኘው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ፣ መልእክትና መልሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃሉ፤ የመሣሪያዎቹ መዘግየት ሲታከልበት 0.6 ሰከንድ እንበል። 512 ባይት ልኮ፣ ደረሰኝ ጠብቆ፣ ሌላ 512 ባይት የሚልክ ፕሮግራም አንድ ሜጋባይት ለማድረስ 2048 ጊዜ ይጠብቃል፤ ይህም ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። ደረሰኝ ሳይጠብቅ 32 ፓኬት አከታትሎ የሚልክ ከሆነ ግን፣ መስመሩ እስከ ቻለና ፓኬት እስካልጠፋ ድረስ፣ 38 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

መስመሩ እስከ ቻለ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል በነበረው አጭር መስመር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወርዶ ነበር። በጊዜው የነበሩት ፕሮግራሞች መስመሩ በተጨናነቀ ቁጥር ይብሱን ደጋግመው ይልኩ ነበርና። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያቀረበው መፍትሔ ዛሬም ይሠራበታል። የመጠበቂያው ጊዜ በግምት አይወሰንም፤ የመልሱ ጊዜና መዋዠቁ እየተለካ ይወሰናል፤ ፓኬት ሲጠፋም ላኪው መጠኑን ይቀንሳል። ደግመን ከላክነው ፓኬት ግን ልኬት አንውሰድ፤ መልሱ የፊተኛው ይሁን የኋለኛው አይታወቅምና። ዩ.ዲ.ፒ. ይህን አያስገድደንም። ሆኖም በአንድ ቀጭን መስመር የጤና ጣቢያው፣ የትምህርት ቤቱና የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ሲያልፍ፣ የኛ ፕሮግራም ብቻውን መንገዱን ሊዘጋ አይገባም።

ታዲያ ላኪው ስንት ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ይቁረጥ? በመማሪያ መጻሕፍት አምስት ወይም አሥር ጊዜ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከኦገስት ወር ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይህ ጉባኤ ያውቃል። አሥር ጊዜ ሞክሮ «አልተሳካም» ብሎ የሚያጠፋ ፕሮግራም በዚያ ዘመን ምን ያህል መዝገብ ይዞ ይጠፋ እንደ ነበር አስቡት። የኔ አስተያየት ሁለቱን ነገሮች መለየት ነው፤ ሙከራው ሊቆም ይችላል፤ መዝገቡ ግን ደረሰኝ እስኪመጣ ድረስ፣ ወር ቢሆን ዓመት ቢሆን፣ ከላኪው ዲስክ አይነሣም። የተቀባዩም የቁጥር ዝርዝር በዚያው ልክ መቆየት ይኖርበታል።

አንድ ነገር መፍትሔ የለውም። የመጨረሻዋን ደረሰኝ የላከ ወገን መድረሷን በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም፤ የደረሰኝ ደረሰኝ ቢጠይቅ ጥያቄው ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አያልቅም። ማድረግ የሚቻለው ተቀባዩ ሥራውን ከጨረሰም በኋላ በሩን ሳይዘጋ ቆይቶ፣ ለዘገየ ድጋሚ ሁሉ መልስ እንዲሰጥ ነው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሁለት ኮምፒዩተሮች እናያይዛለን። በሊኑክስ ላይ ባለው ኔትኤም 600 ሚሊሰከንድ መዘግየት፣ ከመቶ አሥር ጥፋት፣ ጥቂት ድግግሞሽም እንጨምርበታለን። መላኩ እኩል ላይ ሲደርስ ከእናንተ አንዱ የተቀባዩን የመብራት ገመድ ይንቀልልን። ከዚያ መልሰን እንሰካውና፣ መላኩ ሲያበቃ በሁለቱም በኩል ያሉትን መዝገቦች አብረን እንቆጥራለን።