የተጠራም የጠራም ዕዳ አለበት

(በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ በሃላሌ ከተማ፣ ለዕድር ዳኞች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የዕድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ሥራችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከተዳፋቱ ቀበሌ በእግራችሁ ተጉዛችሁ ጥሪያችንን ስላከበራችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ይኸው መገኘታችሁ ራሱ ነው። አንድ ነዋሪ ለአካባቢው ጥሪ ሁሉ የመገኘትና የመርዳት ግዴታ አለበትን? የቀረውስ ሰው ምን ሊባል ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በዕድር፣ በተፋሰስ ሥራና በበዓል ዝግጅት ሲያነጋግረን፣ አልፎ አልፎም ሲያቀያይመን ኖሯልና በግልጽ ልንመክርበት ወደድን።

ስለ መገኘት ስናነሣ የ2016 ዓ.ም. ክረምትን ሳናስታውስ ማለፍ አይቻለንም። ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በዝናብ የራሰው ተራራ ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ተጠራርቶ ወጣ፤ በአካፋም በእጅም ጭቃውን ይቆፍር ጀመር። ሕዝቡ በዚያ ተሰብስቦ ሳለ ተራራው ዳግመኛ ተናደ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለፉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በዚሁ በኪንዶ ዲዳዬ መሬት ተንሸራቶ ከ10 በላይ ሰዎችን ነጠቀን። ያን ሐዘን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ድንኳኑን የተከላችሁት፣ ቃሬዛውን የተሸከማችሁት እናንተ ናችሁና።

ወደ ኬንቾ ሻቻ ተዳፋት የወጣውን ጎረቤት ያስገደደው መተዳደሪያ ደንብ የለም፤ ቢቀር የሚከፍለው መቀጫም አልነበረበትም። የወጣው ነገ እርሱ ቢቀበር የሚቆፍርለት ሰው እንዳለ እያመነ ነው። የመገኘት ግዴታ መሠረቱ ይህ እምነት ነው ብለን እናስባለን። እምነቱ በቆመበት ስፍራ መቀጫ ብዙም አያስፈልግም፤ በፈረሰበት ስፍራ ግን መቀጫው ሰውን ያመጣ ይሆናል እንጂ ልቡን አያመጣውም።

ይሁን እንጂ ጥሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ሞት፣ እሳት፣ ናዳና ሕመም ሲጠሩ ሁሉም ባለዕዳ ነው። በዚህ ዞን ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም በአንድ ዕድር ተሰባስቦ ሲቀባበር እናያለን፤ ቃሬዛ የሟቹን ቤተ እምነት አይጠይቅም። በእንዲህ ያለው ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ጎረቤትን መካድ ነው።

ሁለተኛው የጋራ ሥራ ጥሪ ነው። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በነፃ ጉልበት የሚሠራው እርከን፣ የሚተከለው ችግኝ፣ የሚጠገነው መንገድና ምንጭ የሁላችን ነው። ከላይ ያለው ማሳ እርከን ባይኖረው ጎርፉ የሚወርደው በታችኛው ጎረቤት እንሰትና ቦይና ላይ ነው። ስለዚህ እዚህም ዕዳ አለ፤ ነገር ግን እንደየአቅሙ የሚከፈል ዕዳ ነው። ሦስት ጎልማሳ ወንዶች ያሉበት ቤትና ሕፃን ያዘለች ብቸኛ እናት እኩል ሜትር ቢለካላቸው፣ ሚዛኑ የተስተካከለ ቢመስልም ፍርዱ ጎድሏል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ጎተራው በጎደለበት ወራት፣ በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው አንድ ቀን መቅረት የልጆቹ ራት ነው።

ሦስተኛው የበዓል፣ የምረቃና የስብሰባ ጥሪ ነው። እዚህ ላይ ሰው በፍቅር ይመጣል እንጂ በዕዳ አይያዝም። ጊፋታ ሲደርስ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲያጠራቅሙ የሚያስገድዳቸው የለም፤ የሚጠብቃቸው ደስታ የራሳቸው ስለሆነ ነው። ሰው የራሱ ያልሆነ ዝግጅት ላይ ቢቀር ግን «ልማት አይወድም» ልንለው አይገባም።

ይህን የምንለው እኛም በዚሁ ስለ ተሳሳትን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ ምንጭ አጎልብተን ለርክክቡ ሕዝቡን ጠራን። ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ሪባን ተዘጋጀ። ከጠራናቸው ጥቂቶቹ ብቻ መጡ። ተመልሰን በዘገባችን «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ብለን ጻፍን። በኋላ ወደ ምንጩ የምትወርድ አንዲት እናት አግኝተን ለምን እንደ ቀረች ጠየቅናት። «ልጆቼ፣ ምንጩ የት ይገደብ ስትሉ አልጠራችሁኝም፤ ሪባን ሲቆረጥ ጠራችሁኝ» አለችን። ቁልቁል አብረናት ስንወርድ ነገሩ ገባን። የውኃ መቅጃው የተሠራው ዝናብ ሲጥል በሚያዳልጥ ተዳፋት ሥር ነበር፤ ጀሪካን ያዘለች ሴት እጇን መሬት ሳታስነካ አትወጣውም። ይህን የአካባቢው ሴት ሁሉ ታውቅ ነበር። የጠየቃት ግን አልነበረም። በዚያም ላይ የቀጠርነው በገበያ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹን ሰብስበን ደረጃው በየት ይውረድ ብለን ጠየቅን፤ ቀኑንም እነርሱ ቆረጡ። ደረጃው ሲሠራ ድንጋይ ለማቀበል የመጣው ሰው ለርክክቡ ከመጣው እጅግ በዛ። ያቺ እናትም በመካከላቸው ነበረች። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ የተለወጠው ጥሪያችን ነው።

እንግዲህ የጠራም ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው ከመጥራቱ በፊት ማማከር ነው። ሁለተኛው የተዋጣው ብርና ጉልበት የት እንደ ዋለ ለአዋጪው መንገር ነው፤ ሒሳብ ያልሰማ ሰው በሁለተኛው መዋጮ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ሦስተኛው ለመጣው ሰው ደኅንነት መጠንቀቅ ነው። ዝናቡ ሳያባራ፣ ላዩ ሳይታይ፣ ሕዝብ በናደ ተዳፋት ሥር ሊሰበሰብ አይገባም። ከላይ ስንጥቅ የሚያይና ምልክት የሚሰጥ ሰው ማቆም፣ ቆፋሪውን በጥቂት በጥቂቱ ማፈራረቅ፣ ሌላውን ራቅ ባለ ቦታ ማቆየት ከፍርሃት አይቆጠርም። ወንድሙን ለማዳን የሚሮጥን ሰው በከንቱ አለማጣት የጠሪው አደራ ነው።

በወንጌል ታላቅ ግብዣ ያዘጋጀውን ሰው ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። የተጠሩት በእርሻ፣ በበሬና በሚስት እያመካኙ ሲቀሩ በምክንያታቸው እንፈርዳለን፤ ይገባልም። ነገር ግን ምሳሌው በዚያ አያበቃም። የቤቱ ጌታ ወደ ጎዳና ሰው ልኮ ድኾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን አስጠራ፤ ከዚያ በፊት ማንም ያልጠራቸውን ማለት ነው። በብዙ የደቡብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ወገኖቻችን ከማዕድና ከማኅበር ተገልለው እንደ ኖሩ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በሐዘን ድንኳናችን ጥግ ያስቀመጥነውን ሰው በእርከን ሥራ ቀን «ለምን ቀረህ?» ልንለው እንዴት ይቻለናል? የቀረውን ከመክሰሳችን በፊት ያልጠራነውን እንቁጠር።

ወደ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ስለሄዱት ልጆቻችንም እንጠየቃለን። ገንዘብ ቢልኩ መገኘታቸውን ይተካልን? በከፊል ይተካል። በተላከ ብር አካፋ ይገዛል፤ ለቆፋሪም ይከፈላል። አብሮ ማልቀስ ግን በስልክ አይላክም። ስለዚህ የሚልኩትን በምስጋና እንቀበል፤ ሲመጡም በሐዘን ያለፉትን ቤቶች እየዞሩ እንዲያጽናኑ እንምከራቸው።

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፤ ከዚህ ስንለያይ ወደ መተዳደሪያ ደንባችሁ ተመለሱና ሦስት ነገር ብትጨምሩበት እንለምናችኋለን። የቀረ ሰው ከመቀጣቱ በፊት ሁለት ሰዎች ቤቱ ሄደው ይጠይቁት። ታሞ ቢያገኙት ወይም የሚበላ አጥቶ ቢያገኙት መቀጫው ይቅርና ዕድሩ ይድረስለት። መዋጮ በተሰበሰበ ቁጥር ሒሳቡ በጉባኤ ይነበብ። ክረምት ሳይገባም በየተዳፋቱ ጠባቂና ወደ ደኅና ቦታ የሚወስድ መንገድ ይለይ።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳውም ሰው ሲጠራና ሃምሳውም ሲመጣ ነው። ለመርዳት ወጥተው የቀሩትን ወገኖቻችንን ነፍስ በአጸደ ገነት ያሳርፍልን፤ የተረፉትን ያጽናልን፤ መጪውን ክረምት በሰላም ያሳልፈን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።