የወለቃ ሸክላና የመዝገብ አልጀብራ

ከጎንደር ወጣ ሲባል፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ወለቃ አለች፤ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር የነበረች።

ከዚያ የተገዛ አንድ የሸክላ ምስል አለ እንበል። አንዱ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «1983» ይላል፣ ሌላው በአውሮፓውያን «1991»። ኮምፒውተሩ ሁለት ዕቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተወሰዱበት በዘመቻ ሰለሞን፣ ግንቦት 1983፣ ዘመዱን የሸኘ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ዓመት መሆናቸውን ያውቃል። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ ማሽኑ ወሩንም ይፈልጋል።

ለዚህ መላው ኦንቶሎጂ ነው፤ መዝገቦች ስለ ቃላትና ስለ ዝምድና የሚዋዋሉት የጋራ ውል። የሙዚየሞቹ ውል ሲዶክ ሲአርኤም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል።

በዚህ ውል ላይ የሚሠራው አልጀብራ ደግሞ ዝምድናን ከዝምድና ያጣምራል። ምስሉ ወለቃ ውስጥ ከተሠራ፣ ወለቃም አማራ ክልል ውስጥ ካለች፣ ምስሉ አማራ ክልል ውስጥ ተሠርቷል፤ ማንም ባይጽፈውም። «አጠገብ» ላይ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። አጠገብ፣ አጠገብ እያልን ከሄድንማ ከወለቃ ተነስተን አዲስ አበባ እንገባለን!

የቤተሰብ ዕቃ የምትመዘግቡ አድማጮች፣ ከዓመቱ ጎን ወሩንና የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉልን።