ክረምት ሲገባ ቤታችንን ከእሳትና ከከሰል መርዝ ስለ መጠበቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ክረምት ለአገራችን በረከት መሆኑን ገበሬው ብቻ ሳይሆን የከተማውም ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ኑሮአችን ሁሉ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። ወጡ የሚሠራው በቤት ውስጥ፥ ልብስ የሚደርቀው በቤት ውስጥ፥ ሕፃናት የሚጫወቱት በቤት ውስጥ፥ ቡናም የሚፈላው በቤት ውስጥ ነው፤ በሩና መስኮቱም ብርድ እንዳይገባ ተዘግቶ ይውላል። እሳቱና ሰው በአንዲት ክፍል ሲሰበሰቡ ምን ዓይነት አደጋ እንደሚደርስና እንዴት እንደሚከለከል የክበባችን አባሎች በዚህ ዓመት ስንማር ቆይተናል። ለወላጆቻችን የእሳት አያያዝ ለማስተማር የተነሣን አይደለንም፤ እሳት ማንደድን የተማርነው ከእናንተ ነውና። የምንናገረው በክፍል የተማርነው ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከቤታችን ምድጃ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ከሰል እንናገራለን፤ የቀረው አደጋ በዓይን ሲታይ ይህ አይታይምና። «ጭስ መውጫ አያጣም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለሣር ክዳን ቤት እውነት ነበረ፤ ሣሩ ጭሱን ያሳልፈዋል፥ ግድግዳውም ሽንቁር አያጣም። በቆርቆሮና በኮርኒስ፥ በሲሚንቶና በመስተዋት የተዘጋው ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። ከዚህም በላይ ዋናው ገዳይ የሚታየው ጭስ አይደለም። ከሰል ሲቀጣጠል ይጨሳል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እያሳለን ማንደጃውን ወደ ደጅ እናወጣለን። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደህና ሆነ» ብለን ወደ ቤት እናስገባዋለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ግን ከዚሁ ከቀላው ፍም አብዝቶ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዓይንም አያቃጥልም።

አገዳደሉም እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ተሸክሞ ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል። በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፥ ያዞረዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ጉልበቱም ይከዳዋል፤ በሩን ለመክፈት ቢያስብ እንኳ መነሣት ያቅተዋል። ተኝቶ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ከእንቅልፉ ወደ ሞት ይሻገራል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፥ ወደ ደጅም ሲወጡ ከተሻላቸው፥ «የክረምት ጉንፋን ነው» ብሎ ዝም ማለት አይገባም።

ይህ አደጋ ማንን እንደሚያጠቃ ብናስተውል የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። በጠባብ የቆርቆሮ ክፍል የሚያድረው ዘበኛ፥ በማድ ቤት የምትተኛው የቤት ሠራተኛ፥ ለሥራ ከገጠር መጥተው በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ዋነኞቹ ናቸው። ጌታው በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ሲተኛ ዘበኛው ከፍም በቀር የሚሞቀው የለውም። ለዘበኛ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ መስጠት ከማናቸውም ምክር ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ስፍራ የአራስ ቤት ነው። በዚህ ጉዳይ እናቶቻችንና አያቶቻችን እንዳይቀየሙን እንለምናለን። አራሷን ብርድ እንዳይመታት ብሎ መስኮቱን ሁሉ መድፈን፥ ፍም አግብቶም ክፍሉን ማሞቅ ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው። ነገር ግን ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መርዙ ፈጥኖ ይጎዳዋል፤ እርጉዝ ሴት የሆነች እንደ ሆነም መርዙ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። አራሷ በልብስ ትሙቅ እንጂ በፍም አትሙቅ።

አንዳንድ ሰው ከማንደጃው አጠገብ ውሃ በሣህን ካስቀመጠ መርዙ የሚጠፋ ይመስለዋል። ይህ ጋዝ በውሃ ውስጥ የማይሟሟ ያህል ስለ ሆነ ውሃው አንዳች አይጠቅምም። የታፈነውን ሰው ወተት ማጠጣትም እንዲሁ ነው፤ መርዙ ያለው በደም እንጂ በሆድ አይደለም፥ ራሱን የሳተ ሰውም ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። መደረግ ያለበት ይህ ነው፤ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ሰውየውን ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፥ ከዚያም ቢነቃ እንኳ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ። በተራ አየር መርዙ ከደም በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፥ በሐኪም ቤት በጭምብል ኦክሲጅን ሲሰጠው ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

ከሰል ጨርሳችሁ ተዉ አንልም፤ በብዙ ቤት የማይሆን ምክር ነው። ማንደጃውን በደጅ ወይም በበረንዳ ማቀጣጠል፥ በቤት ውስጥ ሲሠራበት ሁለት ወገን ከፍቶ አየር ማዘዋወር፥ ከመተኛት በፊት ደግሞ ፍሙን ወደ ደጅ ማውጣት ይቻላል። ረመጥ በአመድ የተሸፈነ ቢሆንም መርዙን ማውጣቱን አያቆምም። ማታ ቡና የሚፈላበት ቤት ይህን በተለይ ያስታውስ።

ወደ እሳቱ ደግሞ እንለፍ። ጓደኞቻችን ሆይ፥ በዝናብ የራሰ ዩኒፎርም ለነገ እንዲደርስ በማንደጃ ላይ ሰቅሎ መተኛት በመካከላችን ያለ ልማድ ነው። ልብሱ ሲደርቅ ይቀላል፥ ይንሸራተታል፥ በፍሙም ላይ ይወድቃል። እርጥብ ዩኒፎርም ለብሶ መምጣት ይሻላል፤ በዚህ ጉዳይ መምህሮቻችን እንዲታገሡን እንጠይቃለን። መብራት ሲጠፋም ሻማ በፕላስቲክ ክዳን ወይም በአልጋ ራስጌ መትከል አይገባም፤ ሰፊ የሸክላ ወይም የብረት ሣህን ያስፈልገዋል። የላምባ ምድጃ እየነደደ ሳለ ላምባ መጨመር፥ ይልቁንም ቤንዚን የተቀላቀለበትን መጠቀም፥ ፊትን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ በወለል ላይ ይተኛል፤ ሽታው የመጣ እንደ ሆነ መብራት ማብራትም ማጥፋትም ሳይደረግ በሩ ይከፈት፥ የሲሊንደሩም ቧንቧ ይዘጋ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በፊዚክስ ትምህርታችን የሒሳብ ጥያቄ ሆኖልናል። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለሬዲዮና ለስልክ የተሠራ ቀጭን ማከፋፈያ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ሽቦው ይግላል፥ ላስቲኩ ይቀልጣል፥ እሳቱም በኮርኒስ ውስጥ ማንም ሳያየው ይጀምራል። ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ አስሮ መተካት ደግሞ ውሻው እንዳይጮኽ አፉን አስሮ ለሌባ በር እንደ መክፈት ነው። ምጣዱ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም መስመር ይኑረው፤ ጣራ ሲያፈስ ውሃው በሶኬት ላይ የሚወርድ ከሆነም ከቆጣሪው በኩል ያለው ማጥፊያ አስቀድሞ ይጥፋ።

እሳት የሚነደው የሚቃጠል ነገር፥ ሙቀትና አየር ሲገናኙ ነው፤ ከሦስቱ አንዱን የነሣው ያጠፋዋል። ዘይት ከነደደ ውሃ አይፈስበትም፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ተንኖ የሚነደውን ዘይት እስከ ጣራ ይበትነዋል። ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደን ይበቃል። በኤሌክትሪክ እሳት ላይም ውሃ አይደፋም። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ይተኛና ይንከባለል፥ ወይም በጋቢ ይጠቅለል። እሳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ንብረት ለማዳን ሳይመለሱ ሰውን ማውጣት ይቀድማል፤ በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ የስልክ ቁጥር 939 ነው። ሕፃን በጀበና ውሃ ወይም በፍም የተቃጠለ እንደ ሆነ ቁስሉ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ይታጠብ፤ የጥርስ ሳሙና፥ ቅቤና እንቁላል ሙቀቱን ከውስጥ ያፍኑታል፥ ለሐኪሙም ሥራ ይጨምሩበታል።

ስለ ጎርፍ አሳጥረን እንናገራለን። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በድሬዳዋ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በጋውን ደረቅ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በከፍተኛው አገር በጣለ ዝናብ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ በእኛ ላይ አለመዝነቡ ዋስትና አይሆንም። በሐምሌ 2016 ደግሞ በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ከገደል ሥር ቤት ያለው ሰው መሬቱ መሰንጠቁን፥ ዛፉ ማዘንበሉን፥ ምንጩም መደፍረሱን ሲያይ ሌሊቱን ሳይጠብቅ ይውጣ፤ ለመርዳት የሚመጣውም ሰው በላይ በኩል የቀረውን አፈር አስቀድሞ ይመልከት። በደጃችን ያለውን ቦይ ከፌስታልና ከደለል መጥረግ ግን ለማናችንም አይከብድም፤ የሰኔ ፈተና እንዳለቀ የክበባችን አባሎች በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ ያለውን ለመጥረግ ተስማምተናል።

አሁን ከአዳራሹ ስንወጣ በሳይንስ ክፍል ፊት ለፊት ዘይት በብረት ድስት አንድደን በክዳን ሲጠፋ እናሳያለን፤ መምህራችን ከአሸዋ ባልዲ ጋር በአጠገባችን ይቆማሉ። ሕፃናት የያዛችሁ እናቶች ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን፥ ከኖራው መሥመር ወዲህ እንድትቆሙ በአክብሮት እንለምናለን።