«ዝም በል» የምትለው ትንሿ መልእክት

ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን በዓይን የማይታይ፣ ነገር ግን በእያንዳንዳችን አካል ውስጥ ሌት ተቀን የሚከናወን አንድ ሥራ እናወጋችኋለን።

የዓይናችን ሴልም ሆነ የጉበታችን ሴል የያዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ዓይን ዓይን፣ ጉበትም ጉበት ሆኖ የሚኖረው እንዴት ነው? እያንዳንዱ ሴል ከመመሪያው የሚያስፈልገውን ይሠራበታል፤ የማያስፈልገውን ዝም ያሰኛል። ዝም ከሚያሰኙት መካከል ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉት ይገኙበታል። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ትንሽ ትል ላይ ባደረጉት ምርምር አሠራራቸውን ገለጡ፤ በ2024ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ሴሉ እነዚህን እንዴት ያዘጋጃቸዋል? በመጀመሪያ በኒውክሊየሱ ውስጥ ከዲኤንኤው ላይ ረዥም የአርኤንኤ ክር ይገለበጣል። ክሩ በራሱ ላይ ይታጠፋል። ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም ከረዳት ፕሮቲኑ ጋር ሆኖ ይቆርጠውና 70 ያህል ፊደላት ያሉት እጥፍ ክር ብቻ ይቀራል። ይህም ኤክስፖርቲን 5 በሚባል አጓጓዥ ከኒውክሊየሱ ይወጣል። እዚያ ዳይሰር የሚባለው ኢንዛይም የታጠፈውን ጫፍ ቆርጦ፣ እያንዳንዳቸው 22 ያህል ፊደላት ያሏቸው ሁለት ጥንድ ክሮች ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ አንደኛው ይጣላል። ሌላው አርጎኖት ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ፊደሉ የሚገጥምለትን መልእክተኛ አርኤንኤ ይይዛል፤ የተያዘውም ፕሮቲን ሳይሠራበት ይቀራል ወይም ይፈርሳል።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ቤታችንን ምን ይመለከተዋል? እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በሕፃናት ሳንባ ላይ የሚወጣ፣ እምብዛም የማያጋጥም ነቀርሳ በታየባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ዳይሰርን የሚያሠራው ዘረ መል ጉድለት እንዳለበት ደረሱበት። ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሊወረስ ይችላል፤ ከሁለቱም ሳይመጣ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የሚከሰትበትም ጊዜ አለ። ጉድለቱን ይዘው ሳይታመሙ የሚኖሩም ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ልጅ ሲታመም «ከእናቱ ዘር የመጣ ነው» እያልን የተጨነቀችን እናት መውቀስ በደል እንጂ እውቀት አይደለም። ይልቁንስ ጉድለቱ በአንድ ልጅ ላይ ከተገኘ ወንድምና እህቶቹም እንዲመረመሩ ሐኪም እናማክር። በሽታው ገና በጅምሩ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ይሰፋልና።