ግላዲዮለስ አበባን በጓሮ ስለማዳቀል
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገር። አምና ከዘር አብቅለን ለየቤቱ ያደልነው የግላዲዮለስ ቡቃያ፣ አብዛኛው ሣር ነው ተብሎ በአረም ጊዜ ተነቅሎ ተጥሏል። ነቃዩን አንወቅስም፤ በመጀመሪያው ዓመት እውነትም ሣር ይመስላል። ይኸን ቀድመን ያልነገርን እኛ ነን።

ግላዲዮለስ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በደጋችን በዱር ከሚበቅሉት ዓይነቶች አንዱ፣ ብርቱካንማው፣ በደቡብ አፍሪካም ይገኛል። ቫን ሁት የተባለ የአበባ ነጋዴ በ1841 እ.ኤ.አ. በቤልጅግ አገር፣ በጌንት ከተማ ለሽያጭ ያቀረበው ስመ ጥር ድቅል ከዚሁ ዝርያ የተወለደ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከተቀበረ አምቾ የሚወጣ የእንሰት ችግኝ እናቱን እንደሚመስል ሁሉ፣ በግላዲዮለስ አምቾ ሥር የሚፈለፈሉት ትንንሽ አምቾዎችም ያንኑ ቀለም ይሰጣሉ። አዲስ ቀለም የፈለገ ግን ማዳቀል አለበት።

ይኸውም እናት የሚሆነው አበባ ሊፈነዳ ሲል ማለዳ ገለጥ አድርጎ፣ ሦስቱን የወንዴ ዘንጎች ዱቄታቸውን ሳይበትኑ መቀንጠብ ነው። ከዚያ ንብ እንዳትቀድመን በስስ ጨርቅ ይሸፈናል። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ የሴቴው ጫፍ በሦስት ሲከፈል፣ ከአባትየው አበባ ዱቄት አምጥቶ መቀባት፣ ክር አስሮም የሁለቱን ቀለም በደብተር መጻፍ ነው። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሊሰነጠቅ ሲል ይለቀም፤ ዘሩ እንደ ወረቀት የሳሳ ክንፍ ስላለው ከዘገየን ነፋስ ይወስደዋል።

ከዘር የበቀለው ብዙውን ጊዜ የሚያብበው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅጠሉ ሲደርቅ አምቾውን ቆፍሮ፣ በጥላ አድርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ማስቀመጥ ነው። ለመስቀል እንዲደርስለት የፈለገ ደግሞ፣ የጎለመሰውን አምቾ እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ውሃ በማይቋጥር ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ አሥር ሳንቲሜትር ያህል አጥልቆ ይትከል። ለማበብ ሦስት ወር ግድም ይፈጅበታል።

ዘንድሮ ቡቃያ የሚወስድ ሁሉ በመደቡ አራት ማዕዘን እንጨት ይትከል፤ ለሚያርመውም ሰው፣ ለልጆቹም ይንገር። እንጨት ከተተከለበት መደብ ውስጥ ሣር የሚመስል አይነቀል!

እንዲያው ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ለመስቀል ሲገቡ፣ ከጀፎሯችን ዳር በአጥራችን ሥር፣ እዚሁ አገና የተወለደ ቀለም ይጠብቃቸው። ቡቃያ የሚፈልግ በጸሐፊው ዘንድ ይመዝገብ።