አምቡላንሱን ከመግዛታችን በፊት፦ ተጠያቂው ፋብሪካው ነው ወይስ ወኪሉ?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ሐኪም ሆኜ ስለ መኪና ሻጭ ላወራ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን ማኅበራችን ለእስቴ መካነ ኢየሱስ አምቡላንስ ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣ ነው። እኔ ደግሞ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ምጥ የጠናባት እናት ተጭና ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ፍሬን የሚያስፈልገው የት የት ላይ እንደሆነ ሾፌር ሳልሆን እነግራችኋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ጤና ተቋም አዲስ አምቡላንስ ገዛ። ዓመት ሳይሞላው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትት ጀመር። ሻጩ ወኪል ቢጠየቅ «ችግሩ ከፋብሪካው ነው፣ እኛ ነጋዴዎች ነን» አለ። ለፋብሪካው ቢጻፍ «ወኪላችንን አነጋግሩ» የሚል መልስ መጣ። መኪናው ለወራት ቆመ። ወላዶቹስ? በባጃጅና በቃሬዛ ነዋ!

ሕጋችን ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ደስ ይላል። ዝቅ ብሎ ግን ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ኃላፊነት የለም ይላል። ቁጥር 2134 ደግሞ አንድ ሰው በሥልጣኑ ሥር ላልሆነና ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሌላ ሰው ጥፋት ተጠያቂ አይሆንም ይላል። ወኪል ሻጭ በራሱ ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ነጋዴ ነው፤ ስለዚህ ፋብሪካው መሸሸጊያ አያጣም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሻለ ነው። ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነትም በተናጠልም እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ችግሩ አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው መሆኑ ነው። ማኅበር ሸማች አይደለም! እኛ አምቡላንስ ስንገዛ የሚጠብቀን ዋናው ነገር የምንፈርመው ውል ነው ማለት ነው።

ይህ ክርክር በአሜሪካ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 የኒውዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የእንጨት ጎማው ተሰባብሮ ገዢውን የጎዳ አንድ መኪና ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ቢዩክ ኩባንያ «መኪናውን የሸጥኩት ለነጋዴው እንጂ ለእሱ አይደለም» ቢልም አላመለጠም። ለእኛ የሚቀርበው ግን የ1964ቱ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አዲስ ፎርድ መኪና በተገዛ በስድስት ሳምንቱ ገደማ ፍሬኑ ያዝ አድርጎት ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨ። ፎርድ የመጨረሻውን ፍተሻ የሚያደርገው ወኪሉ ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ መኪናውን ከአደገኛ ጉድለት ነፃ አድርጎ የማስረከብ ግዴታ ለሌላ የሚተላለፍ አይደለም፤ ጉድለቱ የመጣው ወኪሉ ባደረገው ወይም ባላደረገው ነገር ቢሆንም ፋብሪካው አያመልጥም አለ። ወኪሉንም ነፃ አላወጣም።

ቀዶ ሐኪሞች ይህ ሳይገባችሁ አይቀርም። ሆድ ውስጥ ፋሻ ቢቀር «ቆጠራውን ለነርሷ ሰጥቼ ነበር» ማለት የት ያደርሳል?

አንዳንዶቻችሁ «የኤሌክትሪክ ይሁን» ብላችኋል። አልቃወምም። ነገር ግን ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚገቡት የፋብሪካው ወኪል ባልሆኑ ነጋዴዎች በኩል ነው። በዚያ በኩል ፋብሪካውን የምንይዝበት ገመድ ጭራሽ የለም።

እንግዲህ ከመፈረማችን በፊት ዋስትናው የፋብሪካውንም ስም ይዞ በጽሑፍ ይምጣ። መኪናው እስቴ ላይ ቢቆም ማን ጎትቶ እንደሚወስደው፣ መለዋወጫው በስንት ቀን እንደሚመጣ ይጻፍ። ርክክቡ ላይም የራሳችን መካኒክ ይገኝ፤ «በተለመደ ምርመራ ይታወቅ ነበር» የምትለዋን ሐረግ አስታውሱ። ኮሚቴው እጅ ያሉትን ሦስት የዋጋ ማቅረቢያዎች አይቻቸዋለሁ። ፋብሪካው በዋስትናው ላይ በስሙ የተጠቀሰው በአንዱ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከሦስቱ ከፍ ያለው እሱ ነው። ድምፄን ለእሱ እሰጣለሁ።