የቡድሃ ትምህርትና መሠረቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተሰበሰቡት እንግዶች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ ቁም ነገር እንድንናገር ዕድል ስለ ተሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። የመረጥነው አርእስት የቡድሃ ትምህርት ነው። በወንጌል ቃል ያደግን ተማሪዎች ስለ ሌላ ሃይማኖት ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርማችሁ ይሆናል። ምክንያታችን ግን ቀላል ነው፤ የባላጋራውን ቃል ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ትክክለኛ ዳኛ አይባልም። በእስያ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ትምህርት ያድጋሉ፤ በሐዘናቸውም ጊዜ ይጽናኑበታል። በብዙ ሰው ዘንድ ግን ስለ እነርሱ የሚነገረው «ኑሮን የሚጠሉ፥ ተስፋ የቈረጡ ናቸው» የሚል አጭር ቃል ብቻ ነው። ይህ ቃል እውነት መሆን አለመሆኑን አብረን እንመርምር።

ትምህርቱን የዠመረው ሰው ስሙ ሲድሃርታ ጎታማ ይባላል። «ቡድሃ» ማዕርግ እንጂ ስም አይደለም፤ ትርጓሜውም «የነቃ» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ኖረ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። የተወለደው ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር፥ ሉምቢኒ በተባለ ስፍራ፥ ከሳክያ ወገን መኳንንት ቤት ነው። ታሪኩ እንደሚተርከው አባቱ ክፉ ነገር እንዳያይበት በቤተ መንግሥት ውስጥ በድሎት አሳደገው። ነገር ግን ከቅጥር በወጣ ጊዜ በመዠመሪያ ያረጀ ሰው፥ ቀጥሎ በሽተኛ፥ ከዚያም አስከሬን፥ በመጨረሻም ፊቱ ሰላም የሞላበት መናኝ አየ። በ29 ዓመቱም ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ መነነ። 6 ዓመት ያህል ሥጋውን በጾም ቢቀጣም ጉልበቱ ደከመ እንጂ የፈለገውን አላገኘም። ስለዚህ ከድሎትም፥ ራስን ከማስጨነቅም ርቆ «መካከለኛውን መንገድ» መረጠ። በ35 ዓመቱ ዛሬ ቦድ ጋያ በሚባለው ስፍራ ከአንድ ዛፍ ሥር በተመስጦ ተቀምጦ ሳለ እውነትን እንዳገኘ ተከታዮቹ ያምናሉ። ከዚያ በኋላ በቫራናሲ ከተማ አጠገብ በሳርናት ለ5 መናንያን የመዠመሪያውን ስብከት ሰበከ። 45 ዓመት እየዞረ ሲያስተምር ኖሮ በ80 ዓመቱ በኩሺናጋር ሞተ።

በሳርናት የተናገረው ቃል የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ነው፤ «አራቱ የከበሩ እውነቶች» ተብሎ ይጠራል። አቀራረቡ የሐኪም አሠራር ይመስላል። ሐኪም አስቀድሞ በሽታውን ይለያል፤ ቀጥሎ መንሥኤውን ይፈልጋል፤ ሊድን የሚችል እንደ ሆነ ይናገራል፤ በመጨረሻም መድኃኒቱን ያዛል።

አንደኛው እውነት፥ በሰው ኑሮ ውስጥ «ዱካ» አለ የሚል ነው። ዱካ ማለት ሕመምና ሞት ብቻ አይደለም። ከሚወዱት መለየት፥ ከሚጠሉት ጋር መኖር፥ የተመኙትን ማጣት ሁሉ ዱካ ነው። ደስታም ቢሆን አላፊ ስለ ሆነ በውስጡ ሥጋት አለበት። ሁለተኛው እውነት የዱካን መንሥኤ ይናገራል፤ እርሱም «ታንሃ» ነው፤ ትርጓሜው ጥማት ማለት ነው። ጨው ያለበትን ውሃ የሚጠጣ ሰው በጠጣ ቍጥር እንደሚጠማ፥ ሰውም ያገኘውን ትቶ ያላገኘውን ሲመኝ ይኖራል። ሦስተኛው እውነት፥ ጥማቱ ከቀረ ዱካውም ይቀራል ይላል። ይህም «ኒርቫና» ይባላል፤ ቃሉ እንደ መብራት መጥፋት ማለት ነው። የሚጠፋው ግን የስስት፥ የጥላቻና የድንቍርና እሳት ነው። አራተኛው እውነት መድኃኒቱ ነው፤ ይኸውም ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ሲሆን፥ ቀና አመለካከት፥ ቀና አሳብ፥ ቀና ንግግር፥ ቀና ሥራ፥ ቀና መተዳደሪያ፥ ቀና ጥረት፥ ቀና ንቃትና ቀና ተመስጦ ናቸው።

እንግዲህ ይህ የተስፋ ቢስ ሰው ንግግር ነውን? ሐኪም «በሽታ አለብህ» ስላለ ተስፋ ቈርጧል አይባልም፤ መድኃኒቱንም አብሮ ሰጥቷልና።

ይህን አሳብ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በቡድሂስቶች ዘንድ ይነገራል። ኪሳ ጎታሚ የምትባል ሴት አንድ ልጇ ሞተባት። ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ፍለጋ ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ወደ ቡድሃ ላኳት። እርሱም ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ጥቂት የሰናፍጭ ፍሬ እንድታመጣ ነገራት። ሰናፍጩ በየቤቱ ነበረ፤ ሐዘን ያልገባበት ቤት ግን አልተገኘም። አንዱ አባቴ፥ ሌላው ልጄ ይላት ነበር። ሲመሽ ሐዘኗ የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ አወቀች፤ ልጇንም ቀብራ ተመለሰች። በወንጌል የእምነት ምሳሌ የሆነችው የሰናፍጭ ቅንጣት በዚህ ታሪክ የጋራ ሐዘን ምሳሌ ሆና እናገኛታለን። እዝን ይዞ ለቅሶ ቤት መሄድ ልማዱ የሆነ ሕዝብ ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ከዚህ በላይ ሦስት ቃላት ማወቅ ያስፈልጋል። በመዠመሪያ፥ የተሠራ ነገር ሁሉ አላፊ ነው። ሁለተኛ፥ «አናታ» ይባላል፤ «እኔ» የምንለው ነገር እንደ ወንዝ ውሃ ዘወትር የሚለዋወጥ እንጂ የማይለወጥ ባሕርይ የለውም ማለት ነው። ሦስተኛው «ካርማ» ነው፤ በአሳብ የተደረገ ሥራ ሁሉ፥ በዚህ ወይም በሚመጣው ልደት፥ ፍሬውን ያፈራል ይላሉ። ምእመኑም ሕይወት ያለውን ላለመግደል፥ ያልተሰጠውን ላለመውሰድ፥ ላለማመንዘር፥ ላለመዋሸትና የሚያሰክር ነገር ላለመጠጣት ቃል ይገባል።

ቡድሃ የሰው ክብር በትውልድ ሳይሆን በሥራው እንደሚገኝ አስተምሯል፤ ወደ መነኰሳቱም ማኅበር ከየወገኑ ሰው ይቀበል ነበር። ስለዚህ ነው በ1956፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የሕንድን ሕገ መንግሥት ካዘጋጁት ዋነኛው ዶክተር አምቤድካር፥ በዘር ምክንያት ከተናቁ በመቶ ሺሕ ከሚቆጠሩ ወገኖቻቸው ጋር በናግፑር ከተማ ቡድሂስት የሆኑት።

ከነገሥታትም መካከል አሾካን እናነሣለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ሕንድን የገዛ ኀያል ንጉሥ ነበረ። ካሊንጋን በጦር በያዘ ጊዜ 100,000 ሰው እንደ ተገደለና 150,000 ሰው እንደ ተጋዘ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ፥ ስላደረገው ሁሉ ማዘኑን ገለጸ። በሌላ ጽሕፈትም የሰውን ሃይማኖት በከንቱ የሚነቅፍ የራሱን ሃይማኖት እንደሚጎዳ ለሕዝቡ አስታወቀ። ድል ያደረገ ንጉሥ በድሉ ሲያዝን ማየት በታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሆኖም ትምህርትና ተከታይ አንድ አይደሉም። በ2017፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ቡድሂስቶች በሚበዙባት በምያንማር በሮሂንጋ እስላሞች ላይ በደረሰው ግፍ ከ700,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዋል፤ አስቀድሞም ጥላቻን የሰበኩ መነኰሳት ነበሩ። እኛ ክርስቲያኖችም «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» እየተባልን ምን ያህል ጊዜ እንደ ተዋጋን የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ።

ልዩነታችንንም አንሸሽግም። የቡድሃ ትምህርት ፈጣሪ አምላክን መሠረቱ አያደርግም፤ ሰው በራሱ ጥረት ይነቃል ይላል። እኛ ግን ሰው በእግዚአብሔር ጸጋ ይድናል ብለን እናምናለን። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን ልዩነትን በትክክል ለመናገር የሚችል የሌላውን አሳብ በትክክል ያወቀ ሰው ነው።

ይህም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም፥ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ1553 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ መጽሐፈ በረላም ወይዋስፍን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ይዋስፍ አባቱ ከሐዘን ሸሽጎ ያሳደገው፥ በኋላ ግን በሽታንና እርጅናን አይቶ የመነነ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። ሊቃውንት እንደ መረመሩት ይህ ታሪክ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር የክርስትና መልክ ይዞ የተጻፈ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን የሲድሃርታን ታሪክ ስሙን ሳያውቁ ከ400 ዓመት በላይ በግዕዝ ሲያነቡት ኖረዋል ማለት ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በቅርቡ ከዚህ ቅጥር ወጥተን ሃይማኖቱና ቋንቋው ከእኛ የተለየ ብዙ ሰው እናገኛለን። የራሳችንን እምነት አጥብቀን እየያዝን የሌላውን ለማዳመጥ ትዕግሥት እንዲኖረን ያስፈልጋል። ሐዘን ያልገባበት ቤት የለምና፥ ሰው ሐዘኑን በምን እንደሚያጽናና ሳንጠይቅ በእርሱ ላይ አንፍረድ።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።